የእውነት ቆዳ

ሞሚና የዲኖን ሱቅ በር ልትገፋ እጇን እንደዘረጋች ከውስጥ የሰማችው ቃል እዚያው ደጃፉ ላይ ገትሮ አስቀራት። ዲኖ ለሚስቱ ለዙቤዳ ነበር የሚያወራው። «ቆዳ ከየት አባቴ ላምጣ? ያለኝን ላስቲክ ሰፍቼ አስረክበዋለሁ። ሰውዬው እንደሆነ ቆዳና ላስቲክ የሚለይበት ዓይን የለውም» ሲል ሰማችው። ዙቤዳ ምን ብላ እንደመለሰችለት አላዳመጠችም፤ ደሟ ፈልቶ ነበር። የአንድ ልጇ ነፍስ በአንዲት መኪና ወንበር ላይ ተንጠልጥላ የገዛ አጎቱ ላስቲክ ሊለጥፍባት ነው።

መሀመድአወል ከተያዘ ሁለተኛ ሳምንቱን ይዟል። የእናቱን ቅቤ ተሸክሞ በሮቤ ገበያ ሲያልፍ የቀበሌ ጠባቂዎች ከሌሎች ጎረምሶች ጋር ከበው አፈሱት፤ ለብሔራዊ ውትድርና ነው ተባለ። ዕድሜው ይድረስ አይድረስ የጠየቀ የለም። አብሮት ከታፈሰው መካከል የአንድ ሹም የእህት ልጅ ነበረበት፤ ያ ልጅ የዚያኑ ለት ማታ እራቱን ከቤቱ በላ። የቀሩት ከተማው ዳር ባለ የእህል መጋዘን ውስጥ ተከርችመው፣ ዛሬ ከሰዓት በኋላ የሚጭናቸውን መኪና ይጠብቃሉ። ከዚያ መጋዘን ሰው ማስወጣት የሚችል አለ ከተባለ ጎባ ላይ ትልቅ ቢሮ ያለው ጓድ ደምመላሽ ነው። ጓድ ደምመላሽ ደግሞ በዚህ ዓለም ላይ ከአብዮቱ ቀጥሎ የሚወዳት አንዲት መኪና አለችው። ቅደም ተከተሉን የሚገለብጡት ሰዎችም አሉ።

መኪናዋ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም የማይቀረው፣ ጣሪያዋ ወደ ኋላ የሚታጠፍ ቀይ የእሽቅድድም መኪና ናት። ለባሌ ፒስታ መንገድ የምትሆን እንዳልሆነች ሕፃን ልጅ ያውቃል። በጃንሆይ ጊዜ ሜዳውን ሁሉ በትራክተር ያሳርስ የነበረ አንድ ባለመሬት ከጣሊያን አገር ያስመጣት ናት። ሰውዬው ሲወረስ እሷ ጎተራ ውስጥ ተቆልፎባት ዓመታት ቆየች፤ ሞተሯን ዝገት ሲምረው ወንበሯን አይጥ ቆርጥሞ ጨረሰው። ደምመላሽ አስጠግኖ አስነሣትና የዲኖ ሱቅ በር ላይ ይዟት መጣ። «አይጥ የበላው የእውነት ቆዳ ነበር» አለው። «ከአዲስ አበባ የሚመጣ ትልቅ እንግዳ አለብኝ። እንደ ድሮዋ ቆዳ አልብሰህ ካስረከብከኝ የወንድምህን ልጅ ከመጋዘኑ አስወጣልሃለሁ። ላስቲክ ለጥፈህ ብትሰጠኝ ግን እኔና አንተ እንተዋወቃለን።»

«አካም ቡልታን፣ እንዴት አደራችሁ» አለች ሞሚና በሩን ገፍታ።

«ነጋ፣ ሰላም ነው፣ አልሀምዱሊላህ» አለች ዙቤዳ ብድግ ብላ። ድንጋጤዋ ያስታውቅባት ነበር። ሱቋ ጠባብ ናት፤ የማጣበቂያ ሽታ ይሰነፍጣል፣ ግድግዳው ላይ ጌታው መጥቶ ያልወሰደው የፈረስ ኮርቻ ተሰቅሏል፣ ከእግር ስፌት መኪናው ሥር ሁለቱ ወንበሮች ስፕሪንጋቸው ወጥቶ ተጋድመዋል። ዲኖ ድሮ ኮርቻ ሰፊ ነበር። ፈረሰኛው ሲቀንስና የጭነት መኪናው ሲበዛ የሾፌር ወንበር ወደ መስፋት ዞረ። በዚህ ሱቅ ውስጥ ሞሚና ከሦስት ጊዜ በላይ ቆማ አታውቅም። ባሏ ማሜ የሞተ ጊዜ፣ ታናሽ ወንድም የሟችን ሚስት ይውረስ በሚለው በአገሩ ወግ መሠረት ሽማግሎች ለዲኖ ሊሰጧት ተቀምጠው ነበር። እሷ በሰው ፊት «ይቅርብኝ» አለች። ዲኖም አልፈለጋትም ነበር፤ ግን ሳይጠይቅ እምቢ መባሉ አንገበገበው። ከዚያ ወዲህ በዒድ ቀን ደህና ዋላችሁ ይባባላሉ፤ ሌላውን ወሬ ልጁ ነበር የሚያመላልሰው።

«የምትለውን ሰምቻለሁ» አለች። «ላስቲክ አትለጥፍም።»

«ሞሚና፣ ቆዳ የለም። ጥሩ ጥሩውን መንግሥት ይሰበስበዋል፣ የቀረው ቀዳዳ ነው። ጊኒር ድረስ ወርጄ አጥቼ መጣሁ። ይልቅ ነይ ይሄን ዳሺው፤ ከቆዳ በምን ያንሳል?»

ጥቅልሉን ዘረጋላት። ቡናማ ነው፤ ፊቱ ላይ የቆዳ መስመር የመሰለ ታትሞበታል። ሞሚና በመዳፏ ዳበሰችው። «ይቀዘቅዛል» አለች። «የሞተ ነገር ነው።»

«ቆዳውስ በሕይወት አለ እንዴ?» አለች ዙቤዳ ነገሩን ለማለዘብ። የሳቀላት የለም። ሞሚና ዓይኗን ከዲኖ ላይ አልነቀለችም፤ ያን የድሮ እምቢታ በልጄ እየተወጣብኝ ነው የሚል ክፉ ሐሳብ ገብቶባት ነበር። ሐሳቡ ትክክል አልነበረም። ዲኖ ልጁን ከራሱ ሦስት ሴት ልጆች ባላነሰ ይወደዋል፤ ላስቲኩን የመረጠውም ንጹሕ ስፌት ስለሚወጣውና ደምመላሽ እንደማይለየው ስለሚያውቅ ነበር። ይህን ቁጭ ብሎ ቢያስረዳት ኖሮ ትሰማው ይሆን ነበር። ግን ሁለቱ ሰዎች ቁጭ ብሎ መነጋገር ከተዉ ዘመን አልፏል።

«እኔ ቆዳ አለኝ» አለች በመጨረሻ። «ጀንዲው።»

ዲኖ እጁ ላይ ያለውን መቀስ አስቀመጠ። «የማሜን ጀንዲ? ወንድሜ የተኛበትን ወስጄ የደምመላሽ መቀመጫ ላድርገው?»

«የተኛበት ሰው ሞቷል። ልጁ ግን አለ።»

ይህን ብላ ወጣች። ጀንዲው አልጋዋ ላይ ነበር። ማሜ ገደል የገባበትን የእርሻ በሬ ገፎ፣ በእጁ ያለፋው፣ እሷም ዓመት በዓመት ቅቤ እየቀባች ያለሰለሰችው ትልቅ ቆዳ ነው። አንስታ ስትጠቀልለው የአልጋው ጠፍር ራቁቱን ቀረ። አላለቀሰችም፤ ለማልቀስ ጊዜ አልነበራትም። እግረ መንገዷን ለገበያ ካስቀመጠችው ቅቤ አንድ ቅል ሙሉ ይዛ ወጣች። ኪሎው አሥር ብር የገባ የዲንሾ ቅቤ ነው፤ ለምን እንደያዘችው ያን ጊዜ በውል አላሰበችበትም፤ ቅቤ ነጋዴ ናትና እጇ የለመደውን አነሣ።

ጠዋቱ ብርዳማ ነበር። ጀንዲው ካለፈው ክረምት ወዲህ ቅቤ ስላልነካው ደርቆ እንደ ቆርቆሮ ይንኳኳል። ዲኖ ለወንበሮቹ ልክ ቆረጠው፣ በቡናማ የጫማ ቀለም አጠቆረው፣ ከዚያ ስፌት ሲጀምር መርፌው ተሰበረ። ሁለተኛውም ተሰበረ። በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ቢያሳድረው ይለሰልስ ነበር፤ ማደር የሚባል ነገር ግን የለም፣ እንግዳው ዛሬ ነው፣ ልጆቹን የሚጭነውም መኪና ዛሬ ነው። «ወፍራም መርፌ ተበድሬ ልምጣ» ብሎ ወጣ። በር ላይ ዞር ብሎ «እንዳትነኩት» አለ፤ ለምን እንደሆነ ግን አልተናገረም።

ሞሚና ጥቂት ጠበቀች። ፀሐይዋ እየወጣች ነው፤ መጋዘኑ በኩል የጭነት መኪና ሲያጓራ ሰማች። ከዚያ በላይ መቀመጥ አልቻለችም። ዙቤዳን ከሰል አስቀጣጥላ ቅቤውን እሳት ዳር አስጠጋችና እንደ ድሮው፣ ለባሏ መኝታ ታደርገው እንደነበረው፣ የተቆረጠውን ቆዳ ቁራጭ በቁራጭ ጭኗ ላይ እየዘረጋች በሁለት እጇ ታሸው ጀመር። ዙቤዳም አገዘቻት፤ እሷም የዚያው አገር ልጅ ናት፤ የደረቀ ቆዳ ቅቤ እንደሚጠጣ ነው የምታውቀው። ቆዳው ጠጣ። እየለሰለሰ፣ እየጠቆረ፣ እያበራ ሄደ። ሞሚና ያን ሲያበራ ስታይ ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻዋ ላይ የነበረው ሸክም ቀለል አላት። ጨመረችለት፤ ቅሉ እስኪራገፍ ድረስ ጨመረችለት።

ዲኖ ሲመለስ ከበሩ ላይ ቆሞ አየ። አፉን ከፈተ። ፀሐይ ሲያገኘው ይሄ ሁሉ ቅቤ ተመልሶ ይወጣል፣ ኮርቻ ላይ ጋቢ ጣል ይደረጋል፣ መኪና ላይ ግን ሰው በልብሱ ነው የሚቀመጠው ሊላት ነበር። ከዚያ ፊቷን አየ። እጇ እስከ ክንዷ ድረስ በቅቤ ተነክሮ፣ ፈገግ ብላ ነበር። ይህች ሴት ወንድሙ ከተቀበረ ወዲህ ፈገግ ስትልለት አይቶ አያውቅም። ጠዋት እንደ አታላይ ያየችውን ሰው አሁን ደግሞ ምቀኛ ትለዋለች ብሎ ፈራ። ቢሆንም እንግዳው በአውሮፕላን መጥቶ ወዲያው ወደ ጎባ ብርድ ይወጣል ብሎ ራሱን አጽናና። አፉን ዘጋ። ቁራጮቹን በገብስ ገለባ የቻለውን ያህል ጠራረገና መርፌውን ሰካ፤ መርፌው ያለ ምንም ችግር ገባ።

እኩለ ቀን ላይ ሥራው አለቀ። ቆዳው ለሁለቱ ወንበሮች ብቻ ስለበቃ የሁለቱን በር የውስጥ ፊት ዲኖ ሳይናገር በዚያ በላስቲኩ አለበሰው። ደምመላሽ መነጽር አድርጎ፣ አዲስ ካኪውን አስተኩሶ መጣ። ወንበሩን በጣቱ ጫን አድርጎ አየ፤ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ በሩን ከፍቶ ላስቲኩን መታ መታ አደረገውና ሁለቱን ሴቶች ዞር ብሎ አያቸው። «ይሄ ነው ቆዳ! ይሄ ነው የእውነት ቆዳ! ላስቲክ ቢሆን እጄ ያውቀዋል» አለ። ዙቤዳ አንገቷን ደፋች። ሞሚና ግን ሳቋ መጣ፤ ከደስታዋ ብዛት የትኛውን እንዳመሰገነ እንኳ ልብ አላለችም። ልብ ያለችው በኋላ ነው።

«ልጄስ፣ ጌታዬ?» አለችው።

«ጌታ የለም፤ ጓድ በይ። ከሕዝባዊ ስብሰባው በኋላ ራሴ ሄጄ አስወጣዋለሁ። ደምመላሽ ቃሉን ይበላል ያለሽ አለ? እናት፣ ሂጂና ልጅሽን አብስሪው።» ጣሪያዋን አጥፎ፣ ቀይዋን መኪና አስጓርቶ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ነዳ። ሰው ሁሉ መንገድ ዳር ወጥቶ አያት። እውነት ለመናገር ታምር ነበር።

ሞሚና መጋዘኑ ጋ ስትደርስ ጠባቂው የቅቤ ሽታዋን አሽትቶ ተሳለቀባት፤ ቢሆንም አስገባት። መሀመድአወል ከግንቡ ሥር ከአንድ ዋቆ ከሚባል የዲንሾ ልጅ ጋር አንድ ጋቢ ለሁለት ተከናንበው ተቀምጠዋል። ከስቷል፤ ጺሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቅ ብሏል። «አዮ» ብሎ ተነሣላት፤ እናቱን ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲያ ነው የሚጠራት። ዛሬ ማታ ቤትህ ነህ አለችው። አላመናትም፤ ወላሂ ብላ ማለችለት። ያን ጊዜ ፊቱ ተፈታ። ዞር ብሎ ዋቆን አየውና ጋቢውን ጠቅላላ ትከሻው ላይ አደረገለት። «እኔ ቤቴ ነው የማድረው፤ ላንተ ይሁንህ» አለው። ዋቆ ጋቢውን አንገቱ ሥር ጨብጦ ሞሚናን ሲያያት እሷ ዓይኗን ሰበረች። የሌላ ሰው ልጅም ልጅ መሆኑ ያን ጊዜ ትዝ አላት፤ ግን ጀንዲ አንድ ብቻ ነው የነበራት።

አውሮፕላኑ ዘገየ። ቀበሌው ሕዝቡን ሜዳ ላይ አሰልፎ አቆመ፤ ሴቶች ከፊት፣ ወንዶች ከኋላ። የሮቤ ፀሐይ ብርድ ለብሳ የምትመጣ ተንኮለኛ ናት፤ ነፋሱ ቀዝቅዞ ሰው ጋቢውን ሲያጠባብቅ እሷ ከላይ ትጠብሳለች። ሞሚና ከቅቤ ነጋዴዎቹ መሐል ቆማ ስለ ዋጋ ሲያወሩ ትሰማለች፤ አልፎ አልፎም ትመልሳለች። ከሩቅ፣ ከማረፊያው አጥር ወዲያ፣ ቀይዋ መኪና ጣሪያዋን ከፍታ ፀሐይ ላይ ቆማለች። ዲኖም ከወንዶቹ ሰልፍ ሆኖ ያችኑ ያያል። ላቡ መጣ፤ ሄዶ ጣሪያውን ክደኑት እንዳይል የታጠቀ ሰው አጥሩ ላይ ቆሟል።

በመጨረሻ እንግዳው መጣ። ሸምገል ያለ፣ ዝምተኛ፣ ነጣ ያለ ካኪ የለበሰ ሰው ነው። ደምመላሽ አጠገቡ አስቀምጦት ሜዳውን አንዴ ዞረ፤ ሕዝቡ አጨበጨበ። ከመኪናዋ ወርደው መድረኩ ላይ ወጡ። እንግዳው ከኋላ የተቀመጡትን ሹማምንት ሰላም ሊል ጀርባውን ለሕዝቡ ሰጠ። ከትከሻው እስከ መቀመጫው ድረስ ልብሱ ርሶ ቡናማ ሆኖ ነበር። ደምመላሽም ዞረ፤ የሱም እንደዚያው። ከዚያ ሞሚና አጠገብ የቆመችው ሴት አፍንጫዋን ነፋ ነፋ አድርጋ «ዳዳ ነው! ወላሂ ቅቤ ነው» አለች። ነጠላዋን አፏ ላይ ጠቀጠቀች፤ አልቻለችም። ሳቁ ከሴቶቹ ተነሥቶ ወደ ወንዶቹ ሄደ። ስንት ዓመት ታምቆ የኖረ ሳቅ ነበርና ማቆሚያ አጣ፤ ጠባቂዎቹ ጠመንጃቸውን ሲያቀባብሉ እንኳ ሰልፉ ውስጥ የሚንፈቀፈቅ ሰው ነበረ። ያን ለት ከሮቤ ሕዝብ ያልሳቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው።

እንግዳው አልተቆጣም። ካፖርት አምጡልኝ አለ፣ ካፖርቱን ለበሰ፣ ንግግሩን አደረገ። ሲጨርስ በላንድሮቨር ሄደ፤ ለደምመላሽ እጁን አልሰጠውም። ቀይዋ መኪና በሯ እንደተከፈተ ሜዳው ላይ ቀረች።

ሞሚናና ዲኖ መጋዘኑ ጋ ሲደርሱ መኪናዎቹ ሞተራቸውን አስነሥተዋል። ልጆቹ ተጭነዋል። ደምመላሽ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ይጮሃል፣ ይማታል ብላ ነበር፤ እሷም ይምታኝ፣ ተንበርክኬ እግሩን እይዛለሁ ብላ ነበር። «ጓድ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ቅቤውን የቀባሁት እኔ ነኝ። እኔን እሰሩኝ» አለችው። እንደ ግድግዳ አያት። «ማን ነሽ አንቺ?» አለ። ከዚያ ለሾፌሩ በእጁ ምልክት ሰጠና ጀርባውን አዞረ። የሷ ቅቤ እዚያ ጀርባው ላይ ያብለጨልጭ ነበር።

መኪናው ሲነሣ መሀመድአወልን አየችው። በአንዲት ስስ ሸሚዝ ነበር፤ የጎባን ጋራ የሚሻገረው በዚያች ሸሚዝ ነው። ሰው እየገፋ ወደ ጠርዙ መጣ። ምን ሆነ እንደማለት ሁለት እጁን ዘረጋላት። ከጀርባው ዋቆ ጋቢውን ሊመልስለት ሲታገል ይታያል፤ ደርሶለት ይሁን አልደረሰለት አቧራው ከለለው። ዲኖ ኮቱን አውልቆ ከመኪናው ኋላ ሮጠ። ሮጦ አያውቅም፤ የተቀማጭ ሰው እግር ነው ያለው። ኮቱን ወረወረ። ብዙ እጆች ተዘርግተው ተቀበሉት፤ የማን እጅ እንደያዘው ግን አልታየም።

ሲመሽ ዲኖ በሸሚዙ እየተንቀጠቀጠ አብሯት ወደ ሰፈር ተመለሰ። ወንዙ ድልድይ ላይ ሲደርሱ ሞሚና ቆመች። በዚያች ሰዓት የደምመላሽ እጅ በሩ ላይ፣ ላስቲኩ ላይ፣ መታ መታ ሲያደርግ ታያት፤ ምን እንዳመሰገነ ገባት።

«ዲኖ» አለች። «ላስቲኩን ሰፍተኸው ቢሆን ኖሮ…»

ዲኖ የጥያቄውን መጨረሻ አልጠበቀም። «ያውቅብን ነበር» አለ። «ክብሪት ጭሮ ጫፉን ያቃጥለዋል፤ ላስቲክ ወዲያው ያስታውቃል። ልጁን ያኔውኑ ይጭነው ነበር። እኔም ታስሬ ነበር።»

ስለ በሩ አላነሣም። እሷም አላነሣችም። ጠዋት ሱቁ በር ላይ ቆሞ አፉን ከፍቶ መዝጋቱን እሷ አይታው ነበር፤ ስለዚያም አልጠየቀችውም። ዲኖ ከብርዱ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል፤ ክብሪት የሚባል ነገር እንዳልነበረ እሱም ያውቃል፣ እሷም ታውቃለች።

«አዎ» አለች ሞሚና። «ያውቅብን ነበር።»

ነጠላዋን ከትከሻዋ አንስታ ሰጠችው፤ ተቀብሎ ለበሰና መንገዳቸውን ቀጠሉ።